ዘጠና አምስተኛው ሬሳ

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1138 የእንግሊዙ ንጉሥ እስጢፋኖስ የሽሩስበሪን ግንብ ከአጎቱ ልጅ ከማቲልዳ ደጋፊዎች አስለቅቆ የያዛቸውን ምርኮኞች ሰቀለ። እስከዚህ ድረስ ታሪክ ነው። ልብ ወለዱ የሚጀምረው ከቆጠራው ላይ ነው። ሬሳዎቹን ሊገንዝ ከገዳም የተላከው አባ ካድፌል የተነገረው 94 ሆኖ ሳለ ቢቆጥር 95 ሆኑበት። የአንደኛው አንገት ላይ ያለው ሰንበርም የመስቀያ ገመድ ያወጣው አይደለም፤ የቀጭን ሲባጎ ነው። ለካ አንድ ነፍሰ ገዳይ የገደለውን ሰው ንጉሡ ከሰቀላቸው መሀል ቀላቅሎታል።

በጥንት ዘመን ላይ የተመሠረተ የወንጀል ልብ ወለድ ምኑ ይጥማል ለሚለኝ ሁሉ የማነሳለት ይህን መጽሐፍ ነው። ደራሲዋ ኢዲት ፓርጄተር ናት፤ ለካድፌል ታሪኮች ኤሊስ ፒተርስ በሚል የብዕር ስም ትጠቀም ነበር። ከ1977 እስከ 1994 ድረስ 20 ልብ ወለዶች ጽፋለታለች። የተወለደችው ሽሩስበሪ ባለችበት በሽሮፕሸር ውስጥ ሲሆን በወጣትነቷ መድኃኒት ቤት ሠርታለች። ሌላዋ የወንጀል ልብ ወለድ ደራሲ አጋታ ክሪስቲም በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የሆስፒታል መድኃኒት ቀማሚ ነበረች። ሁለቱም በመጽሐፎቻቸው ያለውን መርዝ ከየት እንዳመጡት መጠየቅ አያሻም።

ካድፌል ዌልሳዊ ነው። በመስቀል ጦርነት ተዋግቶ፣ በባሕር ተንከራትቶ፣ ጎልምሶ ነው የመነኮሰው፤ አሁን የገዳሙን መድኃኒት ይቀምማል። የጣት አሻራ የለ፣ ላቦራቶሪ የለ። ያለው ዓይኑ፣ አፍንጫውና የሰው ወሬ ነው። ከመጻሕፍቱ በአንዱ አንድ ሰው ምግብ በልቶ ሲሞት መርዙ እሱ ራሱ ለቁርጥማት መታሻ የቀመመው ዘይት ሆኖ ይገኛል። አንባቢውም መርማሪው ከሚያየው በላይ የሚያሳየው መሣሪያ ስለሌለ እኩል ይፎካከረዋል።

ለእኛ አንባቢ ደግሞ ደወሉ፣ የሌሊት ጸሎቱ፣ አበምኔቱ፣ ፈውስ ፍለጋ ደጁ ላይ የሚሰለፈው በሽተኛ እንግዳ አይሆንበትም። እንግሊዞቹ ናቸው ማብራሪያ የሚያሻቸው፤ ገዳሞቻቸውን ሄንሪ 8ኛ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ዘግቶባቸዋል።

ደም የማይረጭባቸው፣ መንደር ውስጥ የሚያልቁ ቀለል ያሉ የግድያ ታሪኮች አንዳንዴ ያሰለቹኛል። ሟቹ እንደ መስቀለኛ ቃላት መሙያ ብቻ ይሆናል፤ የሚያለቅስለት የለም። ፓርጄተር ከዚህ ያመለጠችው በእስጢፋኖስና በማቲልዳ ጦርነት ይመስለኛል። መቶ ሊሞላ ምንም ያልቀረው ሰው በአንድ ቀን በተሰቀለበት ከተማ አንድ ወጣት ማን ገደለው ብሎ መጠየቅ እብደት ይመስላል። ካድፌል ግን ይጠይቃል።

ለመጀመር ይህንኑ የሬሳ ቆጠራ ያለበትን ሁለተኛውን መጽሐፍ እመርጣለሁ፤ በኋላ የልብ ወዳጁ የሚሆነው ሂዩ ቤሪንጋር በተጠርጣሪነት ብቅ የሚለው እዚያ ነው። በቴሌቪዥን ማየት የሚፈልግ ዴሪክ ጃኮቢ የተወነበት ተከታታይ አለለት። ሽሩስበሪን አገኛለሁ ብሎ ግን እንዳይጠብቅ፦ የተቀረጸው ሃንጋሪ ነው። የእውነተኛው ገዳም ቤተ ክርስቲያን ዛሬም አገልግሎት ይሰጣል፤ ግቢውን ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ አውራ ጎዳና ሰንጥቆታል።