ፊታችን ለምን ጠቆረ? ካሜራ ብርሃንን እንዴት ይቆጥራል?

የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች የቡድን ፎቶ ታትሞ ሲመጣ ሁላችንም ክው ነው ያልነው። ከኋላ ያለው ነጭ ሸራ ጥርት ብሎ ይታያል፤ የልጆቹ ፊት ግን ጥላ መስሏል። አንዲት እናት ፎቶውን ወደ ዓይናቸው ጠጋ አድርገው አዩና «ታዲያ የኔ ልጅ የትኛው ነው?» አሉን። ምን እንበላቸው? ብዙዎቹ ልጆች ከዚህ ሌላ የትምህርት ቤት ፎቶ የላቸውም። ስለዚህ የፎቶ ክበባችን ነገሩን ከሥሩ ለማየት ተነሣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዲጂታል ካሜራ ውስጥ ያለው ሴንሰር በቧንቧው ሥር እንደተደረደሩ ጀሪካኖች ነው። ሻተሩ ተከፍቶ እስኪዘጋ ድረስ ብርሃን ይገባል። እጥፍ ብርሃን ከገባ እጥፍ ይሞላል። ሞልቶ ከፈሰሰ በኋላ ግን የፈለገውን ያህል ቢጨመር ለውጥ የለም፣ ያ ቦታ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ጥቂት ጠብታ ብቻ የገባበት ደግሞ ከሴንሰሩ ከራሱ ከሚመጣው ዝብርቅርቅ ነጠብጣብ ጋር ይምታታል።

ካሜራው ታዲያ የለካውን እንዳለ አይሰጠንም። በተለመደው የጄፔግ ምስል እያንዳንዱ ነጥብ ከ0 እስከ 255 ባለው ቁጥር ይጻፋል፤ ልኬቱ ወደዚህ ቁጥር የሚለወጠው በቀጥታ መስመር ሳይሆን በጎባጣ መስመር ነው። ዓይናችን በጨለማው በኩል ያለውን ልዩነት ይበልጥ ስለሚለይ ነው እንዲህ የተደረገው። በብዛት በሚሠራበት የ2.2 ስሌት ብርሃኑ እጥፍ ሲሆን 100 የነበረው ቁጥር ወደ 137 ገደማ ብቻ ይወጣል። 200 ለመድረስ አራት እጥፍ ተኩል ያህል ብርሃን ይፈልጋል!

ይህን መስመር መፈለግ አዲስ ነገር አይደለም። ኸርተር እና ድሪፊልድ የተባሉ ሁለት ሰዎች በእንግሊዝ አገር የፎቶ መስታወት ለብርሃን የሚሰጠውን ምላሽ ለክተው በ1890 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። በ1997 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአሜሪካ በርክሊ ዩኒቨርሲቲ ዴቤቬክ እና ማሊክ አንድን ቦታ በተለያየ የሻተር ጊዜ ደጋግሞ በማንሣት የካሜራውን መስመር ከፎቶዎቹ ብቻ ማስላት እንደሚቻል አሳዩ። ቦታው አልተለወጠም፣ የተለወጠው ጊዜው ነው፤ ስለዚህ የቁጥሮቹ አካሄድ የካሜራውን ጠባይ ያወጣዋል።

እኛም ሞከርነው። ካሜራውን ጡብ ላይ አስቀምጠን፣ ሌላውን ሁሉ ሳንነካ፣ ጥላ ውስጥ ያለ ነጭ ወረቀት ከ1/1000 እስከ 1/15 ሰከንድ ጊዜውን እጥፍ እያደረግን ሰባት ጊዜ አነሣን። (መጀመሪያ ደመና አልፎ አበላሸብን፣ እንደገና ጀመርን።) ቁጥሮቹን በኮምፒውተር አንብበን በካሬ ወረቀት ላይ ነጥብ አደረግን። መስመሩ በቀስታ ይነሣል፣ መሀል ላይ ይጋልባል፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት 255 ላይ ተጣብቀዋል።

የልጆቹ ፊት የወደቀው እታች፣ መስመሩ በሚተኛበት ነው። ካሜራው በራሱ ሲለካ የሚያየው ሁሉ በአማካይ መካከለኛ ግራጫ ይመስለዋል። ሸራው ስላንጸባረቀ «ብርሃን በዛ» ብሎ ጊዜውን አሳጠረው። የድሮው ፊልምም ቢሆን ለኛ አልታሰበም፤ የኮዳክ ማጠቢያ ቤቶች ቀለም የሚያስተካክሉት ነጭ ሴት ባለችበት «ሸርሊ ካርድ» ነበር።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ወደ ፊታቸው ተጠግቶ መለካት ወይም የ+ እና የ− ቁልፉን ወደ +1 ወይም +1.5 መግፋት ነው። ሸራው ቢነጣ ይንጣ! ከሁሉ የሚሻለው ግን ልጆቹን ከሸራው አርቆ በጭቃው ግድግዳ ፊት ጥላ ውስጥ ማቆም ነው።

ፎቶውን እንደገና እናነሣለን። ሁለቱ ልጆች ግን በዚህ መሀል ከቤተሰባቸው ጋር ወደ ሦስተኛ አገር ሄደዋል። የእነሱን ፊት ከድሮው ፎቶ ላይ፣ ያወጣነውን መስመር ወደ ኋላ እየተከተልን ለማብራት እየሞከርን ነው። ነጠብጣቡ በዝቷል፣ ዓይናቸው ግን መታየት ጀምሯል።