ራውተራችሁ ሁለት ፓስወርድ አለው፤ ሁለተኛውን ማን ያውቀዋል?

ድሮ ጎረቤት እሳት ሊጭር ይመጣ ነበር፤ ዛሬ የሚመጣው የዋይፋይ ፓስወርድ ሊጠይቅ ነው። ኮንዶሚኒየም ወይም ብዙ ተከራይ ያለበት ግቢ የሚኖር ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ዋይፋይ በገባ በሳምንቱ የላይኛው ፎቅ ልጅ «ፈተና ደርሶብኛል፣ ለሁለት ቀን ብቻ» ይላል። ጎረቤት እትዬ ቤይሩት ካለች ልጃቸው ጋር በኢሞ ማውራት ይፈልጋሉ። ቅዳሜ የመጣው የወንድማችሁ ጓደኛ ገና ሳይቀመጥ «ፓስወርዱ ስንት ነው?» ይላል። እምቢ ማለት ደግሞ በእኛ አገር ይከብዳል። እሳት የከለከለ ጎረቤት ምን ይባል እንደነበር አያቶቻችሁን ጠይቁ።

ወር ሳይሞላ ኢንተርኔቱ መንቀራፈፍ ይጀምራል። ቪዲዮው ላይ ያቺ ክብ ትሽከረከራለች፣ የቤቱ ሰው ሁሉ ቴሌን ይረግማል። ከዚያ ከልጆቹ መሀል «ስልክ ይችላል» የተባለው ፓስወርዱን ይቀይራል። ለሁለት ሳምንት ሰላም ይሆናል፤ ከዚያ ያው ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ፓስወርድ አንድ ሰው ጋ አይቆምም። ከአንድሮይድ 10 ጀምሮ የተገናኘ ስልክ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ዋይፋዩን በኪውአር ኮድ ለሌላ ማጋራት ይችላል። አይፎንም ከአይኦኤስ 16 ወዲህ የተቀመጠውን ፓስወርድ በግልጽ ያሳያል። በዚህ ላይ «ነፃ ዋይፋይ» የሚሉት መተግበሪያዎች አሉ። ብዙዎቹ ምንም ነገር አይሰብሩም፤ የሚሠሩት ተጠቃሚዎቻቸው የሚያውቁትን ፓስወርድ አንድ ቦታ ሰብስበው ለሌላው በማደል ነው። ከእንግዶቻችሁ አንዱ ስልኩ ላይ እንዲህ ያለ መተግበሪያ ካለ የእናንተም ፓስወርድ እዚያ ገብቶ ሊሆን ይችላል።

ይሄ ሁሉ ግን ስለ አንደኛው ፓስወርድ ነው። ራውተር ሁለት ፓስወርድ አለው። አንደኛው ስልካችሁ ከዋይፋዩ ጋር ሲገናኝ የሚጠየቀው ነው። ሁለተኛው ወደ ራውተሩ ማስተካከያ ገጽ የሚያስገባው ነው፤ የዋይፋዩ ስም፣ ያ የመጀመሪያው ፓስወርድ፣ ማን ተገናኝቷል፣ ማን ይውጣ የሚለው ሁሉ የሚወሰነው እዚያ ነው። አንደኛው የበር ቁልፍ ነው ብንል ሁለተኛው ቁልፍ የሚቀረጽበት ማሽን ነው።

እና ይህ ሁለተኛው በብዙ ቤት ከፋብሪካ እንደወጣ ነው ያለው። የተጠቃሚ ስም «አድሚን»፣ ፓስወርድም «አድሚን»። አዳዲሶቹ ራውተሮች ላይ ለየት ያለ ፓስወርድ ከሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ይጻፋል፤ ያም ቢሆን ሳሎን ገብቶ ራውተሩን ገልብጦ ፎቶ ላነሳ ሰው ምስጢር አይደለም። መስመሩን የሚዘረጋው ቴክኒሺያን ኢንተርኔቱ መሥራቱን አሳይቶ ይሄዳል፤ ስለ ሁለተኛው ፓስወርድ የሚያነሳ ካጋጠማችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ስለዚህ ለእንግዳ የዋይፋይ ፓስወርድ ስትሰጡ፣ ሁለተኛው ካልተቀየረ፣ ሁለቱንም ነው የሰጣችሁት።

ታዲያ የገባ ሰው ምን ያደርጋል? «ዋይፋይህን የያዘ ቴሌግራምህን ያነባል» የሚለው ወሬ የተጋነነ ነው። የቴሌግራም፣ የዋትስአፕ፣ የባንክ መተግበሪያዎች የሚልኩት ነገር ተመስጥሮ ነው የሚሄደው፤ ዋይፋዩን የተጋራ ሰው ዝም ብሎ አያነበውም። እውነተኛው ጉዳት ሌላ ነው። ማስተካከያ ገጹ ውስጥ የገባ ሰው ሁለቱንም ፓስወርድ ቀይሮ የገዛ ዋይፋያችሁን ሊዘጋባችሁ ይችላል። ከዚህ የሚብሰው ግን ምንም ሳይታወቅ ዲኤንኤስ የሚባለውን ማስተካከያ መቀየሩ ነው። ዲኤንኤስ የድረ ገጽን ስም ወስዶ ወደ ትክክለኛው አድራሻ የሚመራ ማውጫ ነው። ማውጫው ከተቀየረ የምታውቁትን የገጽ ስም ጽፋችሁ የማታውቁት ቦታ ትደርሳላችሁ። ብሮውዘሩ አብዛኛውን ጊዜ «ይህ ገጽ አስተማማኝ አይደለም» ብሎ ያስጠነቅቃል፤ ችግሩ ብዙዎቻችን ሳናነብ «ቀጥል» የምንል ሰዎች መሆናችን ነው።

በነገራችን ላይ የጎረቤት ራውተር ውስጥ ገብቶ «ልቀልድበት» ለሚለው ወንድማችን፣ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ሌላ ሰው የኮምፒውተር ሥርዓት መግባትን ራሱን ወንጀል ያደርገዋል። ምንም ባትሰርቅም።

«አድሚን» የሚለው ቃል ምን ያህል አደጋ እንዳለው ዓለም የተማረው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ሚራይ የተባለ ቫይረስ ኢንተርኔት ላይ እየዞረ ካሜራዎችንና ራውተሮችን እየፈለገ 60 ገደማ የሚሆኑ የፋብሪካ ስሞችንና ፓስወርዶችን ብቻ ይሞክር ነበር። የረቀቀ ነገር የለውም፤ «አድሚን»፣ «1234» እያለ በር ማንኳኳት ነው። የተከፈተለትን ሁሉ ወታደሩ አደረገው። በዚያው ዓመት ጥቅምት 21 (በፈረንጆቹ) በዚህ ጦር ዳይን የተባለ የዲኤንኤስ ኩባንያ ሲመታ ትዊተርና ኔትፍሊክስን የመሳሰሉ ትልልቅ ገጾች በአሜሪካና በአውሮፓ ለሰዓታት አልከፈት አሉ። ቫይረሱን የጻፉት ሦስት አሜሪካዊ ወጣቶች ነበሩ፤ ነገሩ ከማይንክራፍት ጌም ሰርቨሮች ፉክክር ጋር የተያያዘ ነበር። በ2017 መጨረሻ ፍርድ ቤት ጥፋታቸውን አመኑ። የካሜራዎቹና የራውተሮቹ ባለቤቶች ግን ብዙዎቹ ምንም አላወቁም፤ ኢንተርኔታቸው ትንሽ ቢዘገይ ነው። እንግሊዝ ለሁሉም ዕቃ አንድ ዓይነት የፋብሪካ ፓስወርድ ማድረግን በሕግ የከለከለችው ከሚያዝያ 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ነው።

ወደ ቤታችን እንመለስ። ለመቀየር ኮምፒውተር አያስፈልግም፤ በስልክ ያልቃል። መጀመሪያ ከዋይፋዩ ጋር ተገናኙ፣ ዳታ አጥፉ፣ ቪፒኤን ካበራችሁም አጥፉት። ይህችን የዘለለ ሰው ነው «ገጹ አልከፍት አለኝ» የሚለው። ቀጥሎ ብሮውዘር ከፍታችሁ ከላይ የራውተሩን አድራሻ ጻፉ። ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ነው፤ አንዳንዱ 192.168.0.1፣ የፋይበር ሁዋዌዎች ላይ 192.168.100.1፣ በሲም የሚሠሩት የሁዋዌ ሳጥኖች ላይ ደግሞ 192.168.8.1 ታገኛላችሁ። መገመት ካልፈለጋችሁ አይፎን ላይ የተገናኛችሁበትን ዋይፋይ ስም አጠገብ ያለችውን ምልክት ስትነኩ «ራውተር» በሚለው ፊት ለፊት ተጽፏል፤ አንድሮይድ ላይ «ጌትዌይ» ይለዋል። ብሮውዘሩ እዚህ ገጽ ላይ ቢያስጠነቅቃችሁ አትደንግጡ፤ ከራሳችሁ ሳጥን ጋር ነው የምታወሩት።

ስትገቡ መጀመሪያ የአስተዳዳሪውን ፓስወርድ ቀይሩ፣ ዋይፋዩን ከዚያ። ቅደም ተከተሉን የምለው በምክንያት ነው፤ የዋይፋዩን ስትቀይሩ ግንኙነቱ ይቋረጥና «አበቃ» ብላችሁ ትነሳላችሁ። የአስተዳዳሪው ቦታ እንደ ራውተሩ ዓይነት «አድሚኒስትሬሽን»፣ «ሲስተም ቱልስ» ወይም «ማኔጅመንት» በሚል ስም ይገኛል። አንዳንድ የፋይበር ሳጥኖች ላይ ለደንበኛው የሚፈቀደው ነገር የተወሰነ ነው፤ የተፈቀደላችሁን አካውንት ፓስወርድ መቀየር ግን ይቻላል። እዚያው አካባቢ «ሪሞት ማኔጅመንት» የሚል ካያችሁና በርቶ ከሆነ አጥፉት፤ ራውተራችሁን ከውጭ ሆኖ የሚያስተካክል ሰው አያስፈልጋችሁም።

አሁን ዋይፋዩ። እዚህ ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም በአገራችን የተለመደው ፓስወርድ የአባወራው ስልክ ቁጥር ነው። አሥር አኃዝ ስለሆነ ጠንካራ ይመስላል። ግን የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ 09 ወይም 07 መሆናቸው ይታወቃል፤ የቀረው ስምንት አኃዝ ነው፣ ማለትም ለእያንዳንዱ 100 ሚሊዮን አማራጭ። ለሰው ብዙ ነው፣ ለማሽን ግን ምንም። ስልክና ራውተር ሲገናኙ የሚለዋወጡትን ሰላምታ ከአየር ላይ የቀዳ ሰው ቤቱ ሄዶ በጥሩ የጌም ካርድ ያን ሁሉ ቁጥር በደቂቃዎች ሞክሮ ይጨርሳል። ደግሞስ ማን ይደክማል? የአባወራውን ስልክ ግቢው በሙሉ ያውቀዋል።

የሚሻለው እርስ በርስ የማይገናኙ አራት የአማርኛ ቃላትን በእንግሊዝኛ ፊደል መደርደር ነው። ድንች፣ ጃንጥላ፣ ማክሰኞ፣ ፍየል የሚል ዓይነት (ይሄን ራሱን አትውሰዱት)። ርዝመቱ ከ20 ፊደል ያልፋል፣ ለማስታወስ አይከብድም፣ «ጃንጥላ»ን በእንግሊዝኛ ፊደል ሁለት ሰው አንድ ዓይነት አድርጎ አይጽፈውም። ለእንግዳ ፊደል መቁጠር አይጠበቅባችሁም፤ ኪውአሩን ታሳዩታላችሁ። የኪውአሩን ፎቶ የያዘ ፓስወርዱን የያዘ መሆኑን ግን አትርሱ፤ የግቢው ቴሌግራም ግሩፕ ላይ አይለጠፍም።

ከፓስወርዱ በላይ ወይም በታች የደኅንነት ዓይነት የሚል ምርጫ አለ። ደብሊው ፒ ኤ 3 ካለ ከደብሊው ፒ ኤ 2 ጋር የተቀላቀለውን ምረጡ፤ 3 ብቻውን ከሆነ አሮጌ ስልኮች አይገናኙም። ከሌለ ደብሊው ፒ ኤ 2 ከኤ ኢ ኤስ ጋር ይበቃል። ደብሊው ኢ ፒ የሚለውን አትንኩት፤ ከ2001 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተሰበረ ነው። ራውተሩ 2.4 እና 5 ጊጋኸርዝ ብሎ ሁለት ዋይፋይ የሚያሰራጭ ከሆነ ሁለቱንም ቀይሩ፤ አንዱን ቀይሮ አሮጌውን በሌላኛው ክፍት መተው የተለመደ ነው።

ደብሊው ፒ ኤስን ደግሞ አጥፉት። ፓስወርድ ሳይጻፍ በስምንት አኃዝ ፒን ለመገናኘት የተሠራ ነገር ነው። ራውተሩ ፒኑን የሚያየው ለሁለት ከፍሎ ስለሆነና የመጨረሻዋ አኃዝ ከሌሎቹ ተሰልታ ስለምትገኝ 11,000 ያህል ሙከራ ብቻ እንደሚበቃው በ2011 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ታውቋል። ፓስወርዳችሁ የፈለገውን ያህል ረጅም ቢሆን በዚህ በኩል የሚገባ ሰው አይጠይቀውም።

ስሙን መደበቅና ስልኮችን በማክ አድራሻ መለየት የሚመክሩ ቪዲዮዎች ብዙ ናቸው። እኔ አልመክርም። የተደበቀ ስም በቀላሉ ይገኛል፤ አዳዲስ ስልኮች ደግሞ ለየዋይፋዩ የተለየ የማክ አድራሻ ስለሚጠቀሙ የራሳችሁን እህት ታባርሩና ምሽቱ በጭቅጭቅ ያልቃል።

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ፦ ፓስወርድ ሲጠፋባችሁ ከኋላ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ በመርፌ ለመጫን አትቸኩሉ። ሪሴት የእናንተን ብቻ ሳይሆን ኢንተርኔት አቅራቢው የሞላውን መረጃም ሊያጠፋ ይችላል። ከዚያ ዋይፋዩ ይታያል፣ ኢንተርኔት የለም፤ መስመሩ የቴሌ ከሆነ 994 ደውሎ ተራ መጠበቅ ነው።

የእትዬስ ነገር? ለእሳቸው ፓስወርድ መከልከል አያስፈልግም። ብዙ ራውተሮች ላይ «ጌስት ኔትወርክ» የሚል አለ። የራሱ ስምና የራሱ ፓስወርድ ያለው ሁለተኛ ዋይፋይ ነው፤ ኢንተርኔቱን ይሰጣል፣ በትክክል ከተዘጋጀ ወደ ማስተካከያ ገጹና ወደ ቤቱ ሌሎች ዕቃዎች ግን አያደርስም። አንዳንዱ ላይ ፍጥነትም ይገደባል። ለጎረቤትና ለእንግዳ ይሄኛውን ስጡ፤ ሲበዛ የእሱን ፓስወርድ ብቻ ትቀይራላችሁ፣ የእናንተ ቴሌቪዥንና ካሜራ አይነካም። ለካፌ ባለቤቶች ይሄ ግዴታ ሊሆን ይገባል ባይ ነኝ። ማኪያቶ የሚጠጣው ሰው ሁሉ ሒሳብ ከሚሠራበት ኮምፒውተርና ከጥበቃ ካሜራው ጋር በአንድ ዋይፋይ ላይ ተቀምጦ፣ ፓስወርዱ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ታያላችሁ።

በጋራ ለምትከፍሉ ተከራዮች፣ በየሳምንቱ መቀየር ድካም ነው። አንድ ሰው ቤት ሲለቅ፣ በዚያው ቀን ቀይሩ። ለሚለቀው ሰው ቀድሞ መንገርም ደግ ነው፤ ዕቃ ሲጭን በመሀል ካርታው ቢጠፋበት ይቀየማል።

አዲሱን የአስተዳዳሪ ፓስወርድ ወረቀት ላይ ጽፎ ማስቀመጥ አያሳፍርም፤ ቤት ውስጥ ያለ ወረቀትን ከውጭ የሚሞክር ቫይረስ አያነበውም። የቤት ካርታና የልደት ሰርተፍኬት ከሚቀመጥበት ፋይል ጋር ይሁን፣ ራውተሩ ላይ ግን አይለጠፍ።