ጨው የበዛበት አፈርና የአትክልት ሰብሎች

1. መግቢያ

በአዲስ አበባ ምሥራቅ በኩል፣ በቦሌና በአካባቢው፣ በፕላስቲክ ቤት ውስጥ አትክልት የሚያለሙ ማኅበራት ሁለትና ሦስት ዓመት ካመረቱ በኋላ የሰላጣው ጠርዝ ሲያርር፣ ፎሶልያው ሲቀጭጭ ሊያዩ ይችላሉ። ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ምክር «ማዳበሪያ ጨምሩበት» የሚል ነው። ችግሩ ጨው ከሆነ ግን ይህ ምክር ማኅበሩን ሁለት ጊዜ ይጎዳዋል። ገንዘቡ ይወጣል፤ ጨዉም ይጨምራል። ማዳበሪያ በውሃ ሲሟሟ ጨው ነውና። ዩሪያም በአፈር ውስጥ ተለውጦ ወደዚያው ይደርሳል። ስለዚህ የልማት ሠራተኛው ምክር ከመስጠቱ በፊት፣ ጨው በተክሉ ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ማወቅ ይኖርበታል።

2. ጨዉ ከየት ይመጣል?

ጥሩ የሚባል የመስኖ ውሃም ቢሆን ጨው አለበት። የኤሌክትሪክ አስተላላፊነቱ 0.5 ዴሲሲመንስ በሜትር የሆነ ውሃ በአንድ ሊትር ወደ 320 ሚሊ ግራም ጨው ይይዛል። 100 ካሬ ሜትር የሆነ የፕላስቲክ ቤት በቀን 500 ሊትር ቢጠጣ፣ በ100 ቀን 16 ኪሎ ግራም ጨው ይገባበታል። ከዚህ ከፊሉ ኖራ ሆኖ ቢረጋም፣ ቀሪው ውሃው ሲተን ከአፈሩ ላይ ይቀራል።

በሜዳ ላይ ባለ ማሳ የክረምቱ ዝናብ ይህን ጨው አጥቦ ይወስደዋል። በፕላስቲክ ሥር ግን ዝናብ አይደርስም። የፕላስቲክ ቤት በአዲስ አበባ መካከል ያለች ትንሽ በረሃ ናት ማለት ይቻላል።

እውነተኛው በረሃ ምን እንደሚያደርግ በአፋር፣ በመካከለኛው አዋሽ፣ በአሚባራና በመልካ ሰዲ ታይቷል። እዚያ የዓመቱ ዝናብ 600 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ትነቱ ከ2,500 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። ለጥጥና ለሙዝ በተከፈተው መሬት በቂ ማጠንፈፊያ ሳይኖር መስኖ ስለበዛ፣ በ1970ዎቹ ዓ.ም. የከርሰ ምድሩ ውሃ ወደ ሥር አካባቢ ከፍ አለ፤ ጨውም ይዞ ወጣ። በዚህ የተነሣ ከእርሻ ውጭ የሆነ መሬት አለ።

3. በተክሉ ውስጥ የሚሆነው

ጉዳቱ በሁለት ደረጃ ይመጣል። በመጀመሪያ ጨዉ በአፈሩ ውስጥ ውሃውን ይዞ ያስቀራል። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ ተክሉ ይጠማል። የቅጠሉን ቀዳዳዎች ይዘጋል፤ አየር ስለማይገባው ብርሃን አስተጻምሮው ይቀንሳል፤ አዲስ ቅጠልም አያድግም።

ቀጥሎ ሶዲየም ራሱ ወደ ቅጠሉ ይገባል። ሶዲየም የፖታሲየምን ቦታ እየያዘ የኤንዛይሞችን ሥራ ያውካል። ቶሎ ብዙ የሚጠራቀመው በቆዩት ቅጠሎች ስለሆነ፣ ማረሩ ከነሱ ጫፍና ጠርዝ ይጀምራል።

ተክሉ ግን ዝም ብሎ አይሞትም። ሶዲየሙን በሥሩ በኩል መልሶ ያስወጣል፤ የቀረውን በሕዋሱ መካከል ባለው ከረጢት ውስጥ ይቆልፈዋል። ከከረጢቱ ውጭ ባለው ክፍል ደግሞ ውሃ እንዲይዙለት ፕሮሊንን ወይም ግላይሲን ቢታይንን የመሳሰሉ ነገሮችን ይሠራል።

ይህ ሁሉ ጉልበት ያስከፍላል። የሕዋስ የጉልበት መለኪያ በሆነው በኤቲፒ ሲሰላ፣ አንድ የሶዲየም ቅንጣት ወደ ቅጠል አስገብቶ ለማስቀመጥ 3.5 ያህል ሲበቃ፣ አንድ ፕሮሊን ለመሥራት 41፣ አንድ ግላይሲን ቢታይን ለመሥራት 50 ያህል ይጠይቃል። ለፍሬና ለቅጠል ይውል የነበረው ስኳር ለመከላከያ ይውላል ማለት ነው። ተክሉ የቀጨጨው ምግብ አጥቶ ሳይሆን፣ ምግቡን ከጨው ጋር ለመታገል ስላዋለው ነው። ማዳበሪያ የማይረዳውም ስለዚህ ነው።

4. የሰብሎች ልዩነት

የአፈሩ ጨዋማነት (በዴሲሲመንስ በሜትር) ከሚከተለው ሲያልፍ ምርት መቀነስ ይጀምራል፦

ካሮትና ፎሶልያ 1.0
ሽንኩርት 1.2
ሰላጣ 1.3
በርበሬ 1.5
ጥቅል ጎመን 1.8
ቲማቲም 2.5
ቀይ ሥር 4.0

የጥጥ 7.7፣ የገብስ 8.0 ነው። የቀይ ሥር የቅርብ ዘመድ የሆነው ቆስጣም ከሰላጣ ይልቅ ጨው ይችላል።

5. ምን ይደረግ?

ሀ. በቅድሚያ መለየት። ናይትሮጅን ያነሰው ተክል ከታች ጀምሮ ይገረጣል። ጨው የጎዳው ግን አጥሮ ብዙውን ጊዜ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ይሆናል፤ የቅጠሉ ጫፍ ያርራል፤ አፈሩ እርጥብ ሳለ በቀትር ይጠወልጋል። በአፈሩ ላይ ነጭ ቅርፊት ካለ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ማረጋገጫው የአፈርና የውሃ ምርመራ ነው።

ለ. ፕላስቲኩን በክረምት መግለጥ። የአዲስ አበባ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ብቻ ከ450 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። ውሃ በደንብ በሚያሳልፍ አፈር የ30 ሳንቲ ሜትር ውሃ፣ የላይኛውን 30 ሳንቲ ሜትር አፈር አብዛኛውን ጨው ያጥባል። በሰኔ ምርቱን አንሥቶ ጣሪያውን መግለጥ ብዙ ወጪ የለውም። ዝናቡ ናይትሮጅኑንም ስለሚያጥብ፣ ማዳበሪያ የሚጨመረው ከዚያ በኋላ ነው።

ሐ. የውሃ መውጫ ማዘጋጀት። በምሥራቁ በኩል የሚበዛው ጥቁር የመረሬ አፈር ውሃ ቶሎ አያሳልፍም። መደቡን ከፍ አድርጎ ቦይ ካልተቀደደ፣ የታጠበው ጨው ተመልሶ ይወጣል።

መ. ችግኝን በመደቡ ትከሻ ላይ መትከል። በቦይ ሲጠጣ ጨዉ በመደቡ አናት ላይ ይከማቻል።

ሠ. የዶሮ ኩስን በመጠኑ መጠቀም። እሱም ጨው አለበት። ጂፕሰም የሚጨመረው ምርመራው ሶዲየም መብዛቱን ሲያሳይ ብቻ ነው።

6. ማጠቃለያ

በመካከለኛው አዋሽ የተጎዳውን መሬት መልሶ ለማዳን ከመሬት በታች የማጠንፈፊያ ቱቦ እስከ መቅበር ተደርሷል። በእናንተ መደብ ላይ ያለውን ጨው ግን አንድ ክረምትና አንድ ቦይ ሊያወጡት ይችላሉ። ስለዚህ የቀጨጨ ሰብል ስታዩ፣ የማዳበሪያውን ከረጢት ከመፍታታችሁ በፊት አፈሩን እንድትመረምሩ እናሳስባለን።