ቀለም የተቀባ ፊት፣ የማይሸሽ ዓይን

ወሎን ዓለም ያወቀው በምስል ነው፤ ምስሉን የመረጠው ግን ወሎዬው አልነበረም። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የጋዜጠኛው ጆናታን ዲምብልቢ ፊልም፣ በጥቅምት 1977 ደግሞ የካሜራ ባለሙያው መሐመድ አሚን ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር በነበረችው ኮረም የቀረጸው የቢቢሲ ዘገባ ረሃባችንን ለዓለም ሁሉ አሳዩ። ብዙ ነፍስ አትርፈዋል፤ ይህ ውለታ አይካድም። የአብዛኞቹ ተራቢዎች ስም ግን ከምስሉ ጋር አልተጻፈም።

ከወሎዋ መካነ ሰላም ሆኜ ስለ ፎቶግራፍ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ የምጽፈውም ለዚህ ነው። አይዳ በ1974 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ በእ.ኤ.አ. ናቸው) አዲስ አበባ ተወለደች። በልጅነቷ ከአገር ወጥታ በየመንና በቆጵሮስ ኖረች፤ ካናዳ የገባችው በ1985 ነው፣ ኢትዮጵያ ሲባል ረሃብ ብቻ በሚታሰብበት ዓመት። በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊልም ተምራ በዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ በፎቶ ጋዜጠኝነት ሠራች። ወደ አዲስ አበባ ተመልሳም በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን ዓለም አቀፍ የፎቶግራፍ ፌስቲቫል መሠረተች።

ካሜራ ከማንሳቷ በፊት ሐሳቧን በንድፍ ታወጣለች። የሞዴሏ ፊት ነጭ ወይም ሰማያዊ ይቀባል፤ ልብሱ ደማቅ ቀይ፣ ቢጫ ወይም ሰማያዊ ነው። ፊቱ አይስቅም፣ አያለቅስም። ዓይኑ ግን እንደ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ፊት ለፊት ያፈጣል። ተመልካቹ ለማዘን መጥቶ ራሱ ሲታይ ያገኘዋል፤ ብዙዎችን የሚቆረቁራቸው ይህ ይመስለኛል። መከራን አሳመረችው የሚሏትም አሉ። እኔ አልስማማም። በመካነ ሰላም ፎቶ ቤት ጉርድ ፎቶ ልትነሳ የተቀመጠችን እናት ልብ ብላችሁ እዩ፦ ነጠላዋን ታስተካክላለች፣ ጀርባዋን ቀጥ ታደርጋለች፣ ፈገግታዋን ሰብስባ ሌንሱን ትኩር ብላ ታያለች። ያቺ እናት ችግሯን መደበቋ አይደለም፤ እንዴት እንደምትታይ ራሷ መወሰኗ ነው።

በ2018 ለውኃ ረድኤት ድርጅቱ ወተርኤይድ በአፋር ዳሎል የሠራቻቸው 12 ምስሎች በተለይ ለደጋው አንባቢ ቅርብ ናቸው። ጉዳያቸው ውኃ ነው፤ ውኃ የመቅዳቱ ሸክም በሴቶች ላይ ምን ያህል እንደሚከብድ ያሳያሉ። በዚያ ጨዋማ ሜዳ ላይ የቆሙት ቀለም የተቀቡ ሴቶች ማንም እንዲያዝንላቸው አይለምኑም። ጄሪካን በጀርባዋ አዝላ ከምንጭ ዳገቱን የምትወጣ የወሎ ቦረና ልጅ ማንም ሳያብራራላት ነገሩን ትረዳዋለች።

ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን በ2020 የሠራችው ነው። የኖቤል የሰላም ሽልማት ለዓለም የምግብ ፕሮግራም ሲሰጥ፣ በኦስሎ የሚገኘው የኖቤል የሰላም ማዕከል የሽልማቱን ኤግዚቢሽን እንድትሠራ አደራ ሰጣት። ርዕሰ ጉዳዩ ረሃብ በጦርነት ውስጥ መሣሪያ መሆኑ ነበር። በ1985 የረሃብ አገር ልጅ ሆና ካናዳ የገባችው አይዳ ስለ ረሃብ ስትናገር የከሳ ሕፃን ፊት አላስፈለጋትም። ረሃብ ሰው የሚያደርሰው በደል መሆኑን በቀለምና በምልክት ተናገረች።

ሥራዋን ለማየት የግድ ሙዚየም መግባት አያስፈልግም። በ2023 ፎቶዎቿ በኒውዮርክ፣ በቺካጎ፣ በቦስተንና በአቢጃን የአውቶቡስ መጠበቂያዎች ላይ ተሰቅለው መንገደኛ ሁሉ አይቷቸዋል። የዳሎሎቹ 12 ምስሎችም በመካነ ሰላም መናኸሪያ ግድግዳ ላይ ቢሰቀሉ፣ በገበያ ቀን ከየገጠሩ የሚመጡት እናቶች ቀድመው ያዩአቸው ነበር። የከተማው አስተዳደር ቢጠይቃት እወዳለሁ።