ክትባቱ ለምን ይቀየራል?

ሕፃን ልጅ በ9 ወሩና በ15 ወሩ የኩፍኝ ክትባት ከተከተበ አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜውን ሙሉ ይጠበቃል። የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ግን በየዓመቱ ይታደሳል፤ የኮቪድ ክትባትም ተቀያይሯል። «የመጀመሪያው ትክክል ከነበረ ለምን ቀየሩት?» የሚሉ ወላጆች አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። «እንግዲያው የመጀመሪያው ውሸት ነበር» ብሎ መደምደም ግን አይደለም።

ሰውነታችን ቫይረስን የሚለየው በላዩ ባሉት ፕሮቲኖች ቅርጽ ነው። ክትባት ይህን ቅርጽ አስቀድሞ ያሳየዋል፤ ሰውነትም በልኩ ፀረ እንግዳ አካላትን ያዘጋጃል። ቫይረስ ሲራባ ግን ዘሩን እንደ ቸኮለ ጸሐፊ እየተሳሳተ ይገለብጣል። አብዛኛው ስሕተት ለራሱም አይበጀው። አልፎ አልፎ ግን ፀረ እንግዳው አካል የሚይዝበትን ቦታ የሚለውጥ ስሕተት ይፈጠራል። ብዙ ሰው በተከተበበት ወይም ታሞ በዳነበት አገር የሚስፋፋው ይኸኛው ነው። ቫይረሱ ተንኮል አስቦ አይደለም፤ ሌሎቹ ሲያዙ እርሱ ስላመለጠ ነው።

ኩፍኝስ? እርሱም ይሳሳታል። ነገር ግን ወደ ሴል የሚገባበት ፕሮቲን ብዙ ለውጥ አይችልም፤ ቅርጹ ከተበላሸ መግባት ያቅተዋል። እ.ኤ.አ. በ1954 ከአንድ ልጅ ከተወሰደ ቫይረስ የተገኙ ክትባቶች ዛሬም የሚሠሩት ለዚህ ነው።

ኢንፍሉዌንዛ ግን ለውጡን ይችለዋል። የዓለም ጤና ድርጅት የክትባቱን ይዘት በየዓመቱ በፌብሩዋሪ ለሰሜኑ፣ በሴፕቴምበር ለደቡቡ ንፍቀ ክበብ ይመክራል። ምርቱ ወደ 6 ወር ስለሚፈጅ ምርጫው ግምት ያለበት ነው። በ2014 ከምርጫው በኋላ አንዱ ዝርያ ተለወጠ፤ በዚያ የብርድ ወራት በአሜሪካ የክትባቱ ጥበቃ ወደ 19 በመቶ ወረደ። ለሐጅ የሚጓዙ ወላጆቻችንም ያለፈውን ዓመት ክትባት ቆጥረው «ተከትበናል» ባይሉ ይሻላል።

በኖቬምበር 2021 ከደቡባዊ አፍሪካ የተሰማው ኦሚክሮን ደግሞ፣ እሾህ መሰል በሆነው ፕሮቲኑ ላይ ብቻ ከ30 በላይ ለውጦች ይዞ መጣ። ከተከተቡት ብዙዎች ተያዙ። ከጽኑ ሕመምና ከሞት የሚገኘው ጥበቃ ግን በአብዛኛው ጸና፤ የተያዙ ሴሎችን የሚያጠፉት ቲ ሴሎች ቫይረሱን የሚለዩት በሌሎች ብዙ ክፍሎቹም ነውና። ወሬው ሲወራ ይህ ክፍል ይዘለላል! በ2022 የቀድሞውንና የኦሚክሮንን ቅርጽ ያጣመረ ክትባት ወጣ፤ በ2023 የቀድሞው ቀርቶ ኤክስቢቢ 1.5 በተባለው ዝርያ ብቻ ተዘጋጀ።

ተመራማሪዎች አሁን የሚሹት ቫይረሱ ሊለውጠው የማይደፍረውን ቦታ ነው። በኢንፍሉዌንዛ ፕሮቲን አናቱ ቶሎ ቶሎ ሲለዋወጥ ግንዱ እምብዛም አይለወጥም። ለሰውነት ግን ጎልቶ የሚታየው አናቱ ነው፤ ግንዱን እንዲያጠቃ ማስተማሩ እስካሁን አስቸግሯል።