ሐይቅ አለ፣ ዋና የለም፤ አርባ ምንጭን ከላይ ወደ ታች

ከክፍላችን ልጆች ስምንቱ የሴሚስተሩን እረፍት አርባ ምንጭ ለማሳለፍ ተስማምተው በየሳምንቱ ብር ማዋጣት ከጀመሩ ቆይተዋል። እኔ የአርባ ምንጭ ልጅ ስለሆንኩ ደግሞ ያው እንደ ማስታወቂያ ቢሮ ተቆጥሬያለሁ። ዶርም በር ላይ፣ ካፌ ሰልፍ ላይ፣ አንዳንዴም ሌክቸር መሀል በብጣሽ ወረቀት ተጽፎ ጥያቄ ይደርሰኛል። ከጥያቄዎቹ ሁሉ የሚደጋገመው ግን «የዋና ልብስ እንያዝ?» የሚለው ነው።

ለእያንዳንዱ ሰው በቃል ከማስረዳት አንዴ ጽፌ ብገላገልስ ብዬ ነው ብዕሬን ያነሳሁት። መልሱን ከወዲሁ ልንገራችሁ፤ ያዙ፣ ለሐይቁ ግን አይደለም። ሁለት ሐይቅ ያላት ከተማ ውስጥ ሐይቅ ላይ ለምን እንደማይዋኝ፣ ታዲያ ሰዉ በምን እንደሚዝናና ለመረዳት ስለ ከተማዋ አቀማመጥ፣ ስለ አዞ ጠባይና ስለ ነፋስ ጥቂት ማወቅ ይጠይቃል።

ከተማዋ እንደ ደረጃ ናት

አርባ ምንጭ ከአዲስ አበባ በሆሳዕና በኩል ወደ 450 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ግድግዳ ሥር፣ ከኋላዋ የጋሞን ተራሮች ደገፍ ብላ፣ ከፊቷ አባያንና ጫሞን ዘርግታ የተቀመጠች ከተማ ናት። የቀድሞው የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ጨንቻ ነበረች። ተራራ ላይ ያለችው ጨንቻ ቀርታ ቆላ ያለችው አርባ ምንጭ የተተካችው በ1950ዎቹ ዓ.ም. ነው። ዛሬ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የጋሞ ዞን ከተማ ናት።

ለጎብኚ ቁልፉ ነገር ከፍታ ነው። የጫሞ ውሃ ከባሕር ጠለል በላይ 1,100 ሜትር አካባቢ፣ አባያ ደግሞ ከእሱ ጥቂት አስር ሜትሮች ከፍ ብሎ ይገኛል። ከዚያ ሲቀላ የምንለው የታችኛው ሰፈር፣ ከዚያ ዳገቱን ወጥቶ ሴቻ፣ ከዚያ ከአርባ ኪሎ ሜትር በማይበልጥ መንገድ 2,700 ሜትር አካባቢ ላይ ጨንቻ ይመጣል። በጂኦግራፊ እንደተማርነው በየ1,000 ሜትሩ ስድስት ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል ብላችሁ አስሉት። ሐይቁ ዳር በላብ ተጠምቆ የዋለ ሰው ማታ ጨንቻ ላይ ጋቢ ይለምናል ማለት ነው። አርባ ምንጭ ላይ መዝናናት በዚህ ደረጃ ላይ መውጣትና መውረድ ነው።

«ውጪ ብዬሻለሁ!»

አስር ዓመቴ ላይ ከአጎቴ ጋር ጫሞ ዳር ሄድን። አጎቴ ከዓሣ አጥማጆች ጋር ዋጋ ሲከራከር እኔ ጫማዬን አውልቄ እግሬን ለመለቃለቅ ገባሁ። ውሃው ከቁርጭምጭሚቴ አላለፈም። አንድ አጥማጅ ከሩቅ «አንቺ ልጅ፣ ውጪ! ውጪ ብዬሻለሁ!» ብለው ጮኹ። ሮጠው መጥተው በክንዴ ጎትተው አወጡኝ። ያየሁት ነገር አልነበረም። በንዴት «ምንም የለም እኮ!» ስላቸው «የሚበላሽ የማታይው ነው» አሉኝ።

ይህ አባባል የአዞን አዳኝነት በሙሉ ይገልጸዋል። አዞ አሳድዶ ከመያዝ ይልቅ አድብቶ መያዝ ይመርጣል። ዓይኑንና አፍንጫውን ብቻ ከውሃው በላይ አድርጎ፣ ሲያሻው እነሱንም ሰውሮ ዳርቻው ጋ ይጠብቃል። ሊጠጣ የመጣ ከብትም ሆነ እግሩን የሚታጠብ ሰው ለእሱ አንድ ነው። ስለዚህ «ጥልቅ ቦታ አልገባም፣ ዳር ዳሩን ነው» የሚለው ማጽናኛ እዚህ አይሠራም፤ አደጋው ያለው ዳሩ ላይ ነው።

አባያ ደግሞ ሌላ ችግር አለው። ከጣና ቀጥሎ የሀገራችን ትልቁ ሐይቅ ሲሆን መልኩ ግን ቀይ ቡናማ ነው፤ ሻይ በወተት ይመስላል። እንደ ብላቴ ያሉ ወንዞች ከደጋው አጥበው የሚያመጡት አፈር በጣም ደቃቅ በመሆኑ ቶሎ አይረጋም፤ የረጋውንም ነፋሱ መልሶ ያማስለዋል። በዚህ ምክንያት አንድ ስንዝር ታች ምን እንዳለ አይታይም። የአካባቢው ሰው «የአባያ አዞ ዓሣ እንደልቡ ስለማያገኝ ከጫሞው ይከፋል» ይላል። በ2010 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ አባያ ዳር ምዕመናንን ሲያጠምቁ የነበሩ አንድ ፓስተር በአዞ ተይዘው ሕይወታቸው ማለፉን ብዙዎቻችሁ በዜና ሰምታችኋል።

ይህን ሁሉ የማወራው ላስፈራራችሁ አይደለም። ባለፈው ዓመት ከግቢያችን የሄዱ ልጆች ፎቶ አሳይተውኝ ነበር። አንዷ ጓደኛዬ አባያ ዳር ጎንበስ ብላ የጫማዋን ጭቃ ስታጥብ ትስቃለች። ፎቶውን ሳይ ሆዴ ነው የተገለበጠው። ይዟቸው የሄደው ሰው ምንም አልነገራቸውም ነበር። ደግነቱ ምንም አልሆነችም፤ ግን ያተረፋት ዕድል እንጂ ዕውቀት አይደለም።

ጀልባ፦ በጠዋት ውጡ

አዞን ማየት የሚያስደስተው ጀልባ ላይ ሆኖ ነው። የሚኬደውም ጫሞ ነው። የቁልፎ ወንዝ ሐይቁን የሚቀላቀልበት አካባቢ «የአዞ ገበያ» ይባላል። ስሙን ሰምተው ቆዳ የሚሸጥ የሚመስላቸው አሉ፤ አይደለም፤ አዞዎቹ ራሳቸው እንደ ገበያተኛ ተሰብስበው ፀሐይ ስለሚሞቁ ነው። አዞ እንደኛ የሰውነቱን ሙቀት ራሱ ማመንጨት ስለማይችል ጠዋት ከውሃ ወጥቶ ይሞቃል። አፉን ከፍቶ ሲያዩት የተቆጣ ይመስላል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ሙቀት እያስወጣ ነው። ከአምስት ሜትር የሚበልጥም አለ። ጉማሬዎቹ ቀን ውሃ ውስጥ ውለው ማታ ሣር ሊግጡ ይወጣሉ፤ በተለይ ግልገል ያላትን መጠጋት ያስቆጣታል። ጥሩ ጀልባ ነጂ ሞተሩን አብርዶ ርቀቱን ይጠብቃል። «ጋሼ፣ ትንሽ ጠጋ በሉልን፣ ፎቶ እንድናነሳ» ብላችሁ አታስቸግሩ።

ሰዓቱስ? ጠዋት። ሐይቁ በማለዳ እንደ መስተዋት ነው። ፀሐይ እየበረታች መሬቱ ሲግል ነፋስ ይነሳል፣ ከሰዓት በኋላ ማዕበሉ ትንንሽ ጀልባዎችን ክፉኛ ያናጋል። የደህንነት ጃኬት ሳይሰጧችሁ አትሳፈሩ፤ ሙቀት ነው ብላችሁም አታውልቁት። ክፍያው ብዙውን ጊዜ በሰው ሳይሆን በጀልባ ስለሆነ ሰብሰብ ብሎ መሄድ ያዋጣል።

ከጀልባ መልስ ዓሣ ነው። ጥብሱ፣ ጉላሹ፣ ዱለቱ፣ ኮተሌቱ፤ ላያችሁ ላይ ማንጎና ሙዝ ጨምሩበት። በዚህ እንኳ ማብራሪያ አያስፈልግም።

መዋኘት የግድ ለሚለው

ከተማዋ ስሟን ያገኘችው ከገደሉ ሥር ከሚፈልቁት ምንጮች ነው። ተራራው ላይ የዘነበው ዝናብ በድንጋዩ ስንጥቅ ሰርጎ፣ ታች ገደሉ ሥር ጥርት ብሎ ይወጣል። ይህ ውሃ ነው ፀሐይ በሚያነድደው ቆላ መሀል ትልልቅ ሾላዎች ያሉበትን ጥቅጥቅ ያለ ደን ያበቀለው። ለከተማዋ የሚጠጣ ውሃም የሚገኘው ከዚሁ ነው። የዋና ልብስ ያስፈለገው ለዚህ ነው፤ ለመዋኛ የተዘጋጀው ገንዳ ውስጥ ገብታችሁ ከላይ ዝንጀሮና ጉሬዛ ሲዘሉ ታያላችሁ። ሳሙናና ሻምፑ ግን ዶርም ተዉት። ሕዝብ የሚጠጣው ምንጭ አካባቢ ነው ያላችሁት። ደግሞም ምሳችሁን በደንብ ያዙ፤ ዝንጀሮዎቹ ከእጅ ነጥቀው ነው የሚሄዱት።

ድልድዩና ሜዳው

ሴቻ ከገደሉ አፋፍ ቆማችሁ ወደ ምሥራቅ ስታዩ በግራ ቀዩ አባያ፣ በቀኝ ሰማያዊ የሚመስለው ጫሞ ይታያል። በመሀላቸው በደን የተሸፈነ ጉብታ መሬት አለ፤ የእግዜር ድልድይ የሚባለው እሱ ነው። ከዚያ ማዶ የነጭ ሣር ሜዳ ተዘርግቷል። ነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1974 የተመሠረተ ሲሆን ስፋቱ 514 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የሜዳ አህያ መንጋ ማየት የፈለገ እዚያ ይሂድ። መንገዱ አስቸጋሪ ስለሆነ ጠንካራ መኪናና የፓርኩ ስካውት ያስፈልጋል።

ለጋዜጠኝነት ተማሪ የሚሆን አንድ ወሬ እዚህ አለ። እ.ኤ.አ. በ1990 ተመራማሪዎች ፓርኩ ውስጥ መንገድ ላይ ሞታ ከተገኘች፣ ማታ ማታ ነፍሳት እያደነች ከምትኖር ወፍ አንድ ክንፍ ብቻ ይዘው ተመለሱ። ክንፏ ከሚታወቁት ዝርያዎች ከአንዱም ጋር አልገጥም አለች። በ1995 በዚያች አንድ ክንፍ ብቻ አዲስ ዝርያ ተብላ ተሰየመች። ሌሎች እንደ ቆሻሻ የሚያልፉትን አንስቶ ማየት ምን እንደሚያመጣ ተመልከቱ።

ወደ ላይ፦ ዶርዜ

ሙቀቱ ሲሰለቻችሁ ወደ ጨንቻ የሚወጣውን ጠመዝማዛ ያዙ። መሀል ላይ ዶርዜ ታገኛላችሁ። ወንዶቹ ይሸምናሉ፣ ሴቶቹ ይፈትላሉ። ቤታቸው ከቀርከሃ ተጠልፎ የሚሠራ ሲሆን ፊቱ የዝሆን ይመስላል። ሲሠራ በጣም ረጅም ተደርጎ ነው የሚሠራው፤ ምክንያቱም ምስጥ እግሩን በበላው ቁጥር ቤቱ ዝቅ እያለ ይሄዳል እንጂ አይፈርስም። አንድ ቤት ለአስርት ዓመታት ያገለግላል፤ የቤቱን ዕድሜ በቁመቱ መገመት ይቻላል። ቆጮ በዳጣና በማር ሳትቀምሱ እንዳትወርዱ።

ስለ ዝናቡ አንድ ማስጠንቀቂያ፤ በአዲስ አበባ ካላንደር አትመሩ። አርባ ምንጭ ላይ ዋናው ዝናብ ሚያዝያና ግንቦት ነው፣ መስከረምና ጥቅምት ደግሞ ይደግማል። ማታ ትንኝ ስላለ ወባን አትርሱ፤ አጎበር ያለው አልጋ ያዙ።

የማይወራው ነገር

እስካሁን እንደ አስጎብኚ ነው የጻፍኩት። የከተማዋ ልጅ ሆኜ ግን አንድ ነገር ሳልል ባልፍ ይቆጨኛል።

እዚያ ተወልጄ አድጌ የጫሞ ጀልባ ላይ የወጣሁት 12ኛ ክፍል ከጨረስኩ በኋላ ነው። አብረውኝ ከተማሩት ብዙዎቹ እስካሁን አልወጡም። የኛ መዝናኛ ከሲቀላ ሴቻ ያለውን ዳገት በእግር መውጣት፣ ኳስ መጫወትና ሐይቁን ከላይ ማየት ነበር። አፋፉ ላይ ካሉት ሆቴሎች ሆኖ ለማየት ደግሞ ቢያንስ የቡና ሂሳብ ያስፈልጋል።

በዚህ ላይ የሚታየው ነገር ራሱ እየሳሳ ነው። ቀዳዳው በጠበበ መረብ ያልደረሰ ዓሣ ስለሚጠመድ የጫሞ ትልልቅ ዓሦች ቀንሰዋል። ከደኑ እንጨት ተሸክመው ዳገቱን የሚወጡ እናቶችን መንገድ ላይ ታገኟቸዋላችሁ። እነሱን መክሰስ ቀላል ነው፤ ማታ የሚያበስሉበት ሌላ ነገር የሌላቸው ግን እነሱ ናቸው። ደጋው ሲራቆት አባያ ይበልጥ ይቀላል፤ ደኑ ሲመነጠር ምንጩ ያሰጋል። ሐይቁንና ተራራውን የሚያውቀውና የሚወደው ሰው ካልበዛ ማን ይጠብቀዋል?

ስለዚህ ለስምንቱ ጓደኞቼ አንድ ልመና አለኝ። ጀልባዋ አስር ሰው የምትይዝ ከሆነ ሁለት ቦታ ትርፍ አላችሁ። የጀልባው ዋጋ አይጨምርም። እኔ ስልክ ደውዬ ከሰፈሬ ሐይቁን ከሩቅ እንጂ ከቅርብ አይተውት የማያውቁ ሁለት ልጆች ላገናኛችሁ፤ ከወላጆቻቸውም ፈቃድ እጠይቃለሁ። ጃኬቱን አስራችሁ መሀል አስቀምጧቸው። እጃቸውን ውሃው ውስጥ እንዳይነክሩ ደግሞ እነሱ ለእናንተ ይነግሯችኋል።

መልካም ጉዞ!