የፈረሰ አርማታ በኩዌት

በ2016 ዓ.ም. የአዲስ አበባዋ የፒያሳ ቤቶች ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ የሁሉም ወሬ ማን ወዴት ተነሣ የሚል ነበር፤ ተገቢም ነበር። ፍርስራሹስ ወዴት ሄደ ብሎ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው። ይህ ጥያቄ ኩዌትን ከእኛ ቀድሞ አስጨንቋታል።

ኩዌት ሲቲ ማፍረስን ለምዳዋለች። በ1920 እ.ኤ.አ. የተሠራውን የጭቃ ግንብ በ1957 አፍርሳ በሮቹን ብቻ አስቀረች። ከዚያ ወዲህ በነዳጅ ገንዘብ የተተከለው አርማታ ነው፤ ዛሬ የሚፈርሰውም እሱ ነው። ካናዳዊው አርክቴክት አርተር ኤሪክሰን የነደፈውና ከ500 በላይ አፓርታማዎች የነበሩት የአል ሳዋበር መንደር በ1980ዎቹ መጀመሪያ ተሠርቶ አርባ ዓመት እንኳ ሳይሞላው ፈርሷል። የኩዌት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2004 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ከአገሪቱ የግንባታ ፍርስራሽ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው እየተጣለ እንደሚቀበር ጽፈዋል።

ይህ የሚያስቆጨው ኩዌት ድንጋይ ስለሌላት ነው። ለአርማታ የሚሆነውን ጠንካራ ጋብሮ ከኤምሬትስ ተራሮች በመርከብ ታስመጣለች። ባሕር አቋርጦ የመጣ ጠጠር አንድ ትውልድ ብቻ አገልግሎ በረሃ ውስጥ ይቀበራል ማለት ነው። ሁሉም ግን አይቀበርም፤ ኢፒክ በሚል አህጽሮት የሚታወቀው የአካባቢ ጥበቃ ኩባንያ ፍርስራሹን እየፈጨ መልሶ ይሸጣል። ፌሮው በማግኔት ይለቀማል፤ ገዢ አያጣም። የተፈጨው ለመንገድ ሥር መሙያ መዋሉም አያከራክርም።

ክርክሩ የሚጀምረው ፈጭተን ያገኘነውን ጠጠር መልሰን ለዓምድና ለወለል እናውለው ስንል ነው። በጠጠሩ ላይ የተጣበቀው አሮጌ ሲሚንቶ ውኃ ይመጥጣል፤ ስለዚህ ቡኮው ይደርቃል፣ ጥንካሬውም ይቀንሳል። በባሕረ ሰላጤው ዳር ደግሞ ጨው አለ፤ ክሎራይድ ፌሮን ያዝጋል። ከግድግዳ ልስን በሚመጣው ጂፕሰም ውስጥ ያለው ሰልፌት አዲሱን ኮንክሪት እያሳበጠ ይሰነጥቀዋል። የኩዌት ቤቶች ፊት የለበሰው የአሸዋና የኖራ ጡብም አብሮ ይፈጫል። ተጠራጣሪ መሐንዲሶች ይህን ይዘው ለመንገድ ይብቃ ይላሉ።

እኔ ግን እንዲህ ያለው ጥንቃቄ የበዛ ነው ብዬ አምናለሁ። ጃፓን በ2005 እ.ኤ.አ. ያወጣችው ደረጃ ውኃ መምጠጡ ከ3 በመቶ የማይበልጥ ዳግም ጠጠር ለመዋቅር እንዲውል ይፈቅዳል፤ ፍርስራሹን አሙቀው ሲያፋትጉት አሮጌው ሲሚንቶ ይላቀቃል። እንግሊዞችም ከጠጠሩ እስከ 20 በመቶ ድረስ በዳግም ጠጠር እንዲተካ ፈቅደዋል። ጂፕሰምና ጡብ የሚቀላቀሉት በማፍረሻው ቀን ነው። ኤክስካቫተሩ ከመምጣቱ በፊት ልስኑ፣ ጣሪያውና ጡቡ ለየብቻ ቢነሣ፣ የሚቀረው ንጹሕ አርማታ ነው። ይህ ጊዜ ይወስዳል፤ ቦታውን ቶሎ አስረክብ የሚል ውል የፈረመ አፍራሽ ግን ጊዜ የለውም። ክሬሸሩ ምንም ያህል ዘመናዊ ቢሆን ተቀላቅሎ የመጣለትን መልሶ አይለይም።

አዲስ አበባ ላይ ሒሳቡ ሌላ ነው። የባዛልት ካባዎቻችን ከከተማዋ ብዙም አይርቁም፤ ስለዚህ የተፈጨ አርማታ በዋጋ ባዛልትን ማሸነፍ ይከብደዋል። የፒያሳ አሮጌ ቤቶችም ብዙዎቹ ጭቃና እንጨት ነበሩ። ከብሎኬቱና ከአርማታው የሚገኘው ግን ለእግረኛ መንገድ ሥር የሚነጠፈውን ገረጋንቲ ሊተካ ይችላል፤ ኮሪደር ልማቱ በየሰፈሩ የሚፈልገውም ይኼንኑ ነው።